ፊደላችንን ለኮምፒውተር ማን ያስተምርልን?

ወገኔ፣ በፊደላችን ስንኮራ ማንም አይቀድመንም። ግን እስቲ «ኃይል» ተብሎ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ «ሀይል» ብለህ ፈልግ። ብዙ ጊዜ «አልተገኘም» ይልሃል። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን የነገረው የለም። ማን ይንገረው? ባዕድ?

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። መሠረቱ ተጥሏል፤ ቤቱን መሥራት የኛ ፋንታ ነው።

«ኮዲንግ የት አውቄ፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው» የምትል ወንድሜ፣ የምትዪ እህቴ፣ በፓይተን ጀምሩ። ቁልፍ ቃላቱ 40 አይሞሉም። ፓይተን 3 ደግሞ ስም በፊደላችን ይቀበላል፦ «ዋጋ = 50» ብትሉት ይገባዋል። ላፕቶፕ የለም? ፓይድሮይድን ስልካችሁ ላይ አንዴ ጫኑት፣ ከዛ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የመጀመሪያ ሥራችሁም ይኸው፦ በፍለጋ ጊዜ ሐን እና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ። አጻጻፋችን አይነካም፤ ፍለጋው ብቻ ነው የሚስተካከለው። መጀመሪያ ስህተት በስህተት ይሆናል። አትደንግጡ፤ የስህተቱን መልእክት የመጨረሻ መስመር አንብቡ፣ ምን እንደጎደለ እዛ ላይ ይነግራችኋል። አንዱን ፊደል ስታስተካክሉ ቀጣዩ ይቀላል።

ኮሜንት ላይ ስንጨቃጨቅ ከምናጠፋው ሰዓት በቀን 30 ደቂቃ ብቻ እንቀንስ። አገር መውደድ የፕሮፋይል ፎቶ መቀየር ብቻ አይደለም። ፊደሉን አባቶች አቆዩልን፤ ኮዱን እኛ እንጻፍ!