የእነዋሪ ጥቁር አፈር የራሱን ተመራማሪ ይፈልጋል

በሰሜን ሸዋ ዞን ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ዙሪያ ባቄላ ወይም ምስር የዘራ አርሶ አደር ሰብሉ ሲያብብ አንድ ተክል ከነሥሩ ቆፍሮ ቢያወጣ ትንንሽ እባጮችን ያገኛል። ተሰንጥቀው ሲታዩ ውስጣቸው ቀላ ካለ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ሰብሉን እየመገበ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ላይ አይደለም።

ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው። ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል፤ ዘር ላይ ተለውሶ የሚዘራው ሕያው ማዳበሪያ ግን በሀገር ውስጥ ይመረታል። ችግሩ አንዱ ማሳ ላይ ለውጥ ያመጣው ማዳበሪያ ከጎረቤት ማሳ ላይ ምንም ሳያሳይ ሊቀር መቻሉ ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ፀሐይ የመታው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ለባቄላ የተዘጋጀውም ለሽምብራ አይሆንም። አያያዙ ተስተካክሎም ካልሠራ መልሱ ከአፈሩ መፈለግ አለበት። ነባሮቹ ባክቴሪያዎች መጤውን ገፍተውት ይሆን? ፎስፈረስ አንሶ ይሆን? ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥረው መረሬ አየር ነስቶት ይሆን?

እነዚህን ጥያቄዎች አያይዞ የሚመረምረው ዘርፍ የረቂቅ ተሕዋስያን ሲስተምስ ባዮሎጂ ይባላል። ባክቴሪያውን ነጥሎ ሳይሆን ከዘረመሉ፣ ከምግቡና ከጎረቤቶቹ ጋር በሒሳብና በኮምፒውተር ያጠናዋል። ከባቄላና ከአተር ጋር የሚኖር አንድ ራይዞቢየም ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆኗል። የእነዋሪ ማሳዎች ግን የየራሳቸው ነዋሪዎች አሏቸው። በዘርፉ መሰማራት የሚፈልግ የአካባቢው ወጣት ባዮሎጂን ብቻ ይዞ አይዘልቅም፤ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ከመጀመሪያ ዲግሪው ጀምሮ ያስፈልጉታል።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም ከክልሉ የተነሱ ሄደውበታል። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ዓለማያ ተምረው፣ በአሜሪካ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ለዓመታት በኮሎምቢያ ተመራምረዋል። ከመኖ ሣር ጋር ተስማምተው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩ በሽታንና የአካባቢን ጫና እንዲቋቋም እንዴት እንደሚረዱት ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትን አግኝተዋል። ወደ አፍሪካ ተመልሰውም በናይሮቢ የነፍሳት ምርምር ማዕከሉን ኢሲፔን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል።

እነዋሪም ለምርምር እንግዳ አይደለችም። የአካባቢው አርሶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ውሃውን ለማንጣፈፍ ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው ይሠሩ ነበር፤ አድካሚውን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካና የሀገር ውስጥ ተቋማት በጋራ ያካሄዱት የጥቁር አፈር ፕሮጀክት እነዋሪን የጥናት ጣቢያ አድርጎ፣ ይኸው ሥራ በበሬ በሚጎተት ቢቢኤም እንዲሠራ ሞከረ። ጥያቄውም የመፍትሔው መነሻም ከአርሶ አደሩ ነበር።

አሁንም ቅደም ተከተሉ ያው ቢሆን ይመረጣል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደሉም። የተመራቂ ተማሪዎች የጥናት ርዕስ ከእነዋሪ ማሳ እንዲነሳ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥያቄውን ይዞ መቅረብ ይችላል። ለዚህ መረጃ ያስፈልጋል። ሕያው ማዳበሪያ የወሰደ አርሶ አደር ከማሳው አንድ ጥግ ያለ ማዳበሪያ ቢዘራ፣ የልማት ሠራተኛውም በአበባ ጊዜ ከሁለቱም ነቅሎ የእባጮቹን ብዛትና ቀለም ቢመዘግብ ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው።