ጂም ለመግባትም ዲግሪ?

እንደሚታወቀው የእኛ ክፍል ተማሪ «ምን ትማራለህ?» ሲባል መልሱን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። እኔ የሐራ ልጅ ነኝ። አገር ቤት ስገባ «ታዲያ ኳስ ለመጫወት ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደህ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ስፖርት ሲባል የሚታያቸው ሯጭና ተጫዋች ነው፤ ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየምም የሚያሳያቸው ይህንኑ ነው። ከሯጩ ጀርባ ተምሮ የሚያሠለጥን ሰው እንዳለ ልብ የሚል ጥቂት ነው። እነ ደራርቱንና ኃይሌን ያሠለጠኑት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ እኮ ሀንጋሪ ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ነበሩ።

እኔ ግን መሥራት የምፈልገው ጂም ውስጥ ነው። እስካሁን ባየኋቸው ጂሞች ባለቤቱ ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያየው ክንድ ነው። ክንድ መጥፎ ነው አላልኩም። ነገር ግን ደንበኛው ማነው? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሹፌር፣ ደም ብዛት ያለባቸው እናት፣ ስኳር ያለበት ነጋዴ። ደም ብዛት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ከባድ ብረት ሲያነሳ ግፊቱ ባንዴ ሽቅብ ይወጣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ብዙ ቢሠራ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እንደ ሐራ ባለ ቆላ ደግሞ ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። «አይዞህ፣ አንድ ጨምር!» ማለትማ ማን ያቅተዋል?

ታዲያ ጥፋቱ የባለቤቶቹ ብቻ ነው ወይ? በእኔ አስተያየት አይደለም። እኛም ከፍተኛውን የልብ ምት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» ብለን ለፈተና እንሸመድዳለን። ቀመሩ ግምት ነው፤ ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊዛነፍ ይችላል። ይህ የሚገባን የተለያየ ሰው ስናሠራ ነው፤ የምንለማመደው ግን እርስ በርሳችን ነው፣ ሁላችንም ወጣት፣ ሁላችንም ጤነኛ!

ስለዚህ ክፍላችን በሳምንት ሁለትና ሦስት ማለዳ የግቢውን ሠራተኞች፣ ማለትም ጥበቃዎቹን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን፣ መምህራኑንም ጭምር፣ በእኛ በተማሪዎቹ ያሠራ። መጀመሪያ ግፊታቸውን እንለካ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ እንጠይቅ፣ ሐኪም ማየት ያለበትን ወደ ክሊኒክ እንላክ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሜዳው አለ፣ ሰዉም አለ። የግፊት መለኪያውም ቢሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።