መጽሐፉ ይታተም፤ በሬዎቹ ግን አይሸጡ

የጥሊሊ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛችን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ድርሰቱን ጽፎ ጨርሷል። ረቂቁን ያነበብን ሁሉ መታተም ይገባዋል እንላለን። ያልተስማማነው በገንዘቡ ነው፤ አባቱ ጥማድ በሬአቸውን ሸጠው ሊያሳትሙለት ፈቅደዋልና። ከፍራሹ ሥር ረቂቅ የደበቀ ሌላም ተማሪ ስለማይጠፋ፣ በነገሩ ላይ አሳባችንን ለመግለጽ ተገደናል።

በመጀመሪያ፣ በራስ ገንዘብ ማሳተም የደካማ ደራሲ ምልክት ነው የሚለውን አነጋገር አንቀበለውም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያወጣው እርሱ ነው። (የመንግሥት አሳታሚ ማውጣቱ መጽሐፉን ከመታገድ፣ ደራሲውንም በ1976 ዓ.ም. ከመሰወር አላዳነም።) ዛሬ ስሙ ላልታወቀ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያፈስ አሳታሚ ማግኘት ብርቅ ነው። ይመጣል ብሎ መጠበቅ ረቂቁን ለምስጥ መተው ይሆናል።

ነገር ግን ሂሳቡን እናስላ። ለምሳሌ የአንዱ ቅጂ ኅትመት 200 ብር፣ የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ይሁን እንበል። አንድ ሺህ ቅጂ 200 ሺህ ብር ይፈጃል። አከፋፋዩና መደብሩ ከመቶ 35 ቢወስዱ ለደራሲው 260 ብር ይቀረዋል፤ ስለዚህ ወጪውን ብቻ ለመመለስ 770 ቅጂ መሸጥ አለበት። ከእጁ ወደ አንባቢው እጅ ቢሸጥ ግን 500 ይበቃዋል። በመደብር የተቀመጠ መጽሐፍ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ የእርሻ ወቅት ደግሞ አከፋፋይን አይጠብቅም። ወረቀቱ ከውጭ አገር የሚገባ በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ትናንት የተነገረ ዋጋ ለነገ አያስተማምንም።

ታዲያ ጥቂት ቅጂ ያሳትም የሚሉን አሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ሆኖም በኦፍሴት ማተሚያ የፕሌቱና የዝግጅቱ ወጪ ለመቶውም ለሺሁም ያው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ ቁጥሩን መወሰን ያለበት ምኞት ሳይሆን አስቀድሞ የከፈለ ገዢ ነው።

ገዢውስ ከየት ይመጣል? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን ገዝቶ ለማያውቀው ሕዝብ ጭምር የደረሰው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። ሬዲዮ የለንም፤ አዳራሽና ይህችን የማባዣ መኪና ግን አናጣም። ለጥሊሊና ለእንጅባራ ሰው ድርሰቱ ስለ አገሩ መሆኑን ሳይሰማ ግዛ ማለት ከንቱ ልፋት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። የመጀመሪያው ምዕራፍ በስቴንስል ተባዝቶ ይታደል፤ ደራሲውም በአዳራሽ ያንብበው። ለመግዛት የወደደ የቅጂውን ግማሽ ዋጋ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል። በሦስት ወር ውስጥ 300 ገዢ ካልተገኘ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል፤ በሬዎቹም እንደ ተጠመዱ ይቆያሉ። ደራሲው ረቂቁን በማሳየቱ መብቱ አይጓደልበትም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን ለተጻፈ ሥራ ሁሉ ይሰጣል፣ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም።

በረቂቁ ውስጥ ያየነው የፊደል ግድፈት ጥቂት አይደለም። ከአማርኛ መምህራን መካከል ለማረም ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች እስከ ወሩ መጨረሻ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሰጡን በአክብሮት እንለምናለን።