ድራሙ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ጉለሌ ውስጥ ከአዲሱ ገበያ ብዙም በማይርቅ ግሮሰሪ ሦስት የሮክ ባንዶች ሲጫወቱ አመሸሁ። «የሮክ ባንዶች» ስል አንባቢ ትልቅ ነገር እንዳያስብ እሰጋለሁ። የቢራ ሣጥኖቹ ወደ ጓሮ ወጥተው፣ ሁለት ጠረጴዛዎች ተነሥተው፣ ከግድግዳው ሥር የተነጠፈች አንዲት ምንጣፍ መድረክ ተብላለች። ታዳሚው ከስልሳ አይበልጥም። ግማሹ የባንዶቹ ጓደኛ ነው፤ የቀረው ደግሞ እንደ ወትሮው ቢራውን ሊጠጣ ገብቶ በጊታር የተከበበ የሰፈር ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት፣ የመጀመሪያው ጊታር ሲጮኽ «ተበላሽቶ ነው እንዴ?» ብለው አስተናጋጇን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ሆኖም አልወጡም።

ከዘፈኖቹ ይልቅ ልቤን የያዘው በመካከላቸው ያለው ዕረፍት ነበር። ድራሙ አንድ ነው። የመጀመሪያው ባንድ ድራመር ተነሥቶ ቦታውን ለተከታዩ ሲለቅ፣ ተከታዩ ቁመቱ አጠር ያለ ስለ ነበር ወንበሩን ዝቅ ለማድረግ ሁለት ሰው ታገለ። የቤዙ ማጉያ የሦስተኛው ባንድ ነው፤ ማይክሮፎኖቹ የመጡት ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ከሚያከራይ ዘመድ ነው። ማንኛቸውም ብቻቸውን ይህን ምሽት ሊያዘጋጁት አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ ነው «ራሱን የቻለ ባንድ» የሚለውን አነጋገር ደግሜ ማሰብ የጀመርኩት። ከሌላው ሳይዋስ ለአንዲት ሌሊት እንኳ መቆም የማይችል ባንድ ራሱን የቻለው በምን በኩል ነው?

መልሱን የማገኘው በታሪካችን ውስጥ ነው። በንጉሡ ዘመን ዘመናዊው ሙዚቃ የተቋማት ሀብት ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ሳክስፎኑም፣ የደንብ ልብሱም፣ ሰዓቱም የተቋሙ ነው። በኋላ የግል ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ብቅ ሲሉ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ ድራሙ የማን እንደ ሆነ ከታወቀ ደግሞ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚመታበት ማወቅ አያዳግትም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋና ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ያሳለፋቸው ሌሊቶች እስከ ዛሬ ይነሣሉ። ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። ሮሃ ባንድ የዚያን ዘመን ድምፃውያን እንደ ምሰሶ ደግፎ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን በካሴቱ ሽፋን ላይ የሚታየው የድምፃዊው ፊት ነው። ባንድ ማለት አጃቢ ማለት ሆነ። ዛሬም የአብዛኞቹ የምሽት ክበቦቻችን ልማድ ይኸው ነው፦ ወጣቱ የታወቀ ዘፈን አሳምሮ ይጫወት፤ የራሱን ደግሞ ቤቱ ያስቀምጥ።

እንግዲህ ራስን መቻል ማለት፣ በእኔ አስተሳሰብ፣ የራስን ዘፈን በራስ ኃላፊነት ማቅረብ ነው። ድራሙን መጋራት ይህን አይቀንሰውም። ሀብታም ባልሆነ ከተማ ውስጥ የሚያስችለው እንዲያውም እሱ ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። በራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ በነበረው «ግጥም በጃዝ» ገጣሚያን አንዲትን ምሽት ሲካፈሉ ማንም እንደ ድህነት አልቆጠረውም። አንዱን ሊሰማ የመጣ ሌላውን ወድዶ ይወጣ ነበር።

«ሮክ ባዕድ ነው» የሚለውን ወቀሳ አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ እኔም ብዬዋለሁና። ለዚህ የተሻለ መልስ ያለው ጌታቸው መኩሪያ ዘንድ ነው። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ይህ ሰው ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለውን የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ በአምስተርዳም ሰማ፤ አጃቢዎቼ እናንተ ሁኑ አለም። «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበማቸው በ2006 ወጣ። ሸላይ የሸላይን ጩኸት በባዕድ ጊታር ውስጥ ለይቶ አወቀ ማለት ነው። ጃኖ ባንድም በ2012 ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ባደረገው «ኤርታሌ» ያገራችንን ዜማ ከኃይለኛ ጊታር ጋር አስታርቆ ነበር። ጃኖን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ በትልቅ መድረክ ላይ የቆመ አንድ ባንድ ጎረቤት ከሌለው ብቻውን የበቀለ ዛፍ ነው፤ ጥላው ያምራል፤ ደን ግን አይባልም።

ጎረቤት የሚገኘው ደግሞ በትናንሽ ቤቶች ነው፤ እነሱም እያለቁብን ነው። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ። ከጌታቸውና ከዘ ኤክስ ጋር ተጉዞ የጨፈረው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ፣ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ሆኖ ተነሥቶ ሥዕል፣ ግጥም፣ ጃዝና የውጭ እንግዳ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተናገደው ያ ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ መፍረስ ጋር ከቦታው ተነሣ። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ፣ አራት ኪሎ ወርጄ፣ ከዚያ ወደ ካዛንቺስ የምሻገርባቸውን ዓርቦች እናፍቃለሁ። ከተማዋ መንገዷን ማስፋቷን አልቃወምም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገና ዘፈኑ ያልጠራለት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳሳትበት ቤት የት ሊሆን ነው? በትልቅ አዳራሽ መሳሳት ውድ ነው። ስልሳ ሰው ፊት ግን ገመድ ይበጠሳል፤ ሰው ይስቃል፤ ልጁ ገመዱን ቀይሮ ይቀጥላል።

ጉለሌ ለዚህ ይሆናል ባይ ነኝ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ በጠባብ ቤት ትልቅ ሥራ መሥራት ለዚህ ሰፈር ብርቅ እንዳልሆነ ምስክር ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ስድስት ኪሎ ነው፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሩቅ አይደለም። አዲስ አዳራሽ ይሠራ አላልኩም። ግሮሰሪዎች በወር አንዲት ቅዳሜ ሣጥኖቻቸውን ወደ ጓሮ ያውጡ፤ በጊዜ ይጀመር፤ በጊዜ ይለቅ፤ ጎረቤት እንቅልፉን አይጣ። መግቢያው የአንድ ቢራ ዋጋ ቢሆን፣ ለሦስት ሲካፈል የኪራዩን ሒሳብ እንኳ ባይሸፍን፣ የጊታር ገመድ ይገዛል።

ያን ማታ ሁሉም ሲያበቃ ዝናብ ጀመረ። ጋቢ የደረቡት አዛውንት ሒሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ ሦስተኛውን ዘፋኝ ልጅ አስቆሙትና፣ «ቀስ ብለህ ብትለው ግጥሙ ይሰማ ነበር፤ ደግ ግጥም ነው» አሉት። ልጁ እጅ ነሣ። ድራሙን አራት ሆነው በላስቲክ ሸፍነው እስከ አስፋልቱ ድረስ አወጡት። የመጣው ሚኒባስ ረዳት ግን በሩን በእጁ ይዞ፣ «ከበሮው የሁለት ሰው ይከፍላል» አለ፤ እነሱም ከሦስቱ ባንዶች ኪስ ሳንቲም ማዋጣት ያዙ።