አረንጓዴው ውሃ፤ መርዝም መድኃኒትም

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዳችሁ የሐይቅን ከተማ ታገኛላችሁ። ወደ ውሃው ወረድ ብትሉ፤ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ይታያችኋል። ገዳሙ በስፍራው አለ፤ የውሃው መልክ ግን ተለውጧል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ሐይቁን የመረመሩ ሊቃውንት ነጭ ሳሕን በገመድ ቢያወርዱ፤ እስከ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ታያቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ለአገሬው ምግብና ገቢ ሆነ፤ ነገር ግን አልጌ የሚግጡትን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ሳይፈጃቸው አልቀረም። ደግሞም ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው፤ ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት አልጌው በዛ፤ ውሃውም አረንጓዴ ሆነ።

እንዲህ ያለ ውሃ ከሚስማማቸው ፍጥረቶች አንዱ ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ረቂቅ ባክቴሪያ ነው። ቀንድ የለው፤ እግር የለው፤ ታዲያ ከሚበላውና ከሚሻማው በምን ይድናል? በመርዝ ነው! አንዳንዱ ቅመም ሌሎችን ባክቴሪያዎች ያመክናል፤ አንዳንዱም የሕያው ሕዋስን መራባት ያግዳል።

የዚህ ፍጥረት ዘመዶች በባሕርም ሞልተዋል። ጀርመናዊው ኤረንበርግ በ1823 በሲና ዳርቻ ባሕሩን ቀይ ያደረገ አንድ ዓይነት አይቷል፤ ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዶላስታቲን ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ፔቲትና ጓደኞቹ በሕንድ ውቅያኖስ ከሚኖር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ያገኙትን ይህን ቅመም በ1987 አስታወቁ። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚሳብበትን ክር ስለሚያሰናክል፤ የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል። በ2001 ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ ቅመም በፓስፊክ ውቅያኖስ በፓላው ደሴቶች ከሚገኝ ሳያኖባክቴሪያ አወጡ። ለካስ እንስሳው መርዙን ያገኘው ከግጦሹ ኖሯል!

ቅመሙ ብቻውን ለበሽተኛ እጅግ የከረረ ነበር። ስለዚህ የኬሚስትሪ ሊቃውንት መልኩን ለውጠው፤ የታመመውን ሕዋስ ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ አካል ጋር አሰሩት። መድኃኒቱ በ2011 በአሜሪካ ሆጅኪን ለሚባለው የካንሰር ዓይነት ተፈቀደ።

እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ ከሐይቅ ዳር አረንጓዴውን ቀድታችሁ እንዳትጠጡ! ኮሶ እንኳ በልኩ ሲሆን ትል ይነቅላል፤ ከልክ ሲያልፍ ጠጪውን ይጥላል። የአረንጓዴውን ልክ ደግሞ በዓይን የሚያውቅ የለም። በአገራችን በቆቃ ሐይቅ ማይክሮሲስቲን የተባለ የሳያኖባክቴሪያ መርዝ ተገኝቷል፤ የሚጎዳውም ጉበትን ነው። በ1996 በብራዚል፤ በካሩዋሩ ከተማ፤ ደማቸውን በመኪና ለማሳጠብ የመጡ ከ50 በላይ የኩላሊት በሽተኞች በእንዲህ ያለ ውሃ ምክንያት ሞተዋል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ወላጆቻችሁ ስትገቡ ይህን ንገሩልን። በማናቸውም ሐይቅ ወይም ኩሬ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል ስልባቦት ሲታይ፤ ልጆች አይዋኙበት፤ ከብትም አይጠጣው፤ ለቤት የሚሆነው ውሃ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ይቀዳ። ዓሣ ሲበላም ሆድ ዕቃው ይጣል። እናታችሁ፣ «አፍልቼዋለሁ ልጄ፤ ምን ይሆናል?» ቢሏችሁ፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ እንደማያጠፋው በትሕትና አስረዷቸው።

ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። የዶላስታቲንን መርዝ ሊቃውንት ተግተው መረመሩትና ለበሽተኛ መዳኛ ሆነ። የሐይቅንም ውሃ እንዲሁ ተግቶ የሚመረምር የአገር ልጅ ያስፈልጋል።