ሴባስቶፖልን የጎተተው የማን አያት ነው?

ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ዘሩ ከደቡብ ጎንደር ጋር እንደሚገናኝ ስንቶቻችን እናውቃለን? የአባቱ እናት ማግዳሌና ትባላለች። የማግዳሌና አባት ሞሪትዝ ሆል ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ነው። እናቷም በእናቷ ወገን ኢትዮጵያዊት ነበረች። ይኼ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ብትፈልጉት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እስኪ ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናዙረው። ጋፋት ላይ ከእነዚያ አውሮፓውያን ጎን የሠሩት ኢትዮጵያውያንስ እነማን ናቸው? 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ ጨጨሆን አልፎ፣ ዋድላና ደላንታን ተሻግሮ መጋቢት ላይ መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። መንገዱም አብሮ እየተጠረገ፣ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጉዞ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይም ምስሉ ቆሟል። የጎታቾቹ ስም ግን የለም።

ይኼ ጉዳይ የግሌም ነው። በአባቴ በኩል ጋይንት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋፋትን አየሁና በዚያው ነፋስ መውጫ፣ የአያቴ ወንድም ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው የአባቶቻችንን ስም ሲቆጥሩ ትንፋሽ አይወስዱም፤ እስከ ስምንት ቤት ወረዱልኝ። «አባባ፣ ከእነዚህ ውስጥ መድፉን የጎተተ አለ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እሱንማ ማን ይቆጥራል ልጄ! እኛ ርስት የሚያመጣውን ነው የምንቆጥር» አሉኝ።

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትውልድ መቁጠር ጨዋታ አልነበረም፤ የመሬት ማስረጃ ነበር። በአባትም ይሁን በእናት ተወላጅነቱን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ያስመሰከረ ሰው ርስት ይካፈላል። መቁጠር ያልቻለ ይቀራል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ርስት አልነበራቸውም፤ በዚያ ላይ «ቡዳ» እየተባሉ ተገለሉ። ማረሻውን የሚሠራው ሰው መሬቱን ከሚያርሰው በታች ሆነ። ስለዚህ ከቆጠራው ወጡ። በሥራቸው የተሰደቡ ቤተሰቦችም የራሳቸውን አያት ሙያ ለልጅ ከመናገር ዝምታን መረጡ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የመቁጠሩ ጥቅምም አብሮ ቀረ። ልጆች መማር አቆሙ። ዛሬ መታወቂያችን አያት ላይ ይቆማል። እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የምንዥላታችንን ስም ፌስቡክ ላይ ብንጽፍ የሚመጣልን ሌላ ሰው ነው። የእኛ መዝገብ ቤት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። እነሱ ባረፉ ቁጥር መዝገቡም አብሮ ይቀበራል።

አንዳንዶቻችሁ «ዘር ቆጠራው አልበቃንም ወይ?» እንደምትሉ ይገባኛል። እውነት ነው፣ ቃሉ ራሱ አሰልችቶናል፤ አቁስሎናልም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። «የማን ዘር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሰው ለማበላለጥ ውሏል። «አያቶችህ ምን ሠርተው ኖሩ?» የሚለው ግን ያቀራርባል። ምክንያቱም መልሱ ላይ የሁላችንም ቤት ውስጥ ጎታች፣ ተሸካሚ፣ ቀጥቃጭ፣ ፈታይ፣ በክፉ ቀን አገር ጥሎ የተሰደደ ይገኛል። አንጥረኛ አያት ያለው ልጅ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ማፈር ያለበት ካለ፣ በዚያ ማረሻ አርሶ እየበላ የሰደበው ነው።

ስለዚህ ስልኩ እጃችን ላይ ነው፤ እንጠቀምበት። መንገድ ቢመች ሄዶ፣ ባይመች ደውሎ፣ አያትን ማናገርና ድምፃቸውን መቅዳት ነው። ስም ብቻ አትጠይቁ። የክርስትና ስማቸውንም ጠይቁ፤ ብዙ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን የሚያስታውሰው በዚያ ነው። የት ተወለዱ? ከየት መጡ? በምን ተዳደሩ? በቤታችን የማይወራው ሰው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። ሲመልሱ አትቸኩሉባቸው፤ ዝም ካሉም ቀረጻውን አታቋርጡ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

የሞሪትዝ ሆል የልጅ ልጆች አያታቸውን ያገኙት እኛ ከእነሱ ስላነስን አይደለም። የእሱን የጻፈለት ስለነበረ ነው። የእኛዎቹን የሚጽፍላቸው ከእኛ ሌላ ማን አለ?