ነዳጁን ከልክሎ ሶኬቱን መንፈግ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ያቀረበው ምክንያት አሳማኝ ነበር። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ መብራት ግን ከአገር ወንዝ ይመነጫል። ከዚህ ጋር የሚጣላ የለም። ጥያቄው መኪናው ጉምሩክን ካለፈ በኋላ ነው። ማታ የት ቆሞ ነው ቻርጅ የሚደረገው?

«ቤት ይሰካል» ነው የተለመደው መልስ። ለገጣፎ ባለ ግቢ ቪላ ያለው ሰው ይህ ይሠራለታል። እዚያው ለገጣፎ አንድ ክፍል የተከራየው የሜትር ታክሲ ሾፌርስ? ቆጣሪው የአከራዩ ነው፤ ሒሳቡም የጋራ ነው። ማታ መኪና ሰክቶ ያደረ ተከራይ በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚጠብቀው የተከራየ ሁሉ ያውቃል። ኮንዶሚኒየም ያለውም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሽቦ አውርዶ፣ ዲቫይደሩን በፌስታል ጠቅልሎ ዝናብ እንዳይነካው ይጸልያል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።

የተሳካለትም ቢሆን ሒሳቡ አይወጣለትም። ተራ ሶኬት በ10 አምፔር የሚሰጠው 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ።

እናም ሾፌሩ ወደ አዲስ አበባ ይነዳል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በመዲናዋ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ሲከፍት ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ግን ከቡራዩ ወይም ከሰበታ ተነስቶ፣ የመንገዱን ጭንቅንቅ አልፎ፣ ወረፋ ይዞ፣ ሞልቶ ለሚመለስ ሰው ያ ጣቢያ የሥራ ሰዓት የሚበላ ሌላ ጉዞ ነው። ተሳፋሪ መጫን የነበረበት ሰዓት በወረፋ ያልቃል።

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል የተጠቃለሉት እነዚህ አካባቢዎች የአዲስ አበባ መኝታ ቤት ናቸው። ሰው የሚያድረው እዚያ ነው፤ መኪናም እንደዚያው። ታዲያ ቻርጅ ማድረጊያ የሚያስፈልገው ሰው ቀን በሚውልበት ብቻ ሳይሆን ማታ በሚያድርበት ጭምር መሆኑን ለመረዳት ምን ዓይነት ጥናት ይጠበቃል? በሌሊት የኤሌክትሪክ ፍላጎት ይቀንሳል። ግድቡ ግን ሌሊትም ውኃ አለው።

በየሰፈሩ ፈጣን ቻርጀር ይተከል ማለት አይደለም። እሱ ውድ ነው፣ ለሰፈር ትራንስፎርመርም ከባድ ነው፤ ሪባን ለመቁረጥ ግን ይመቻል፤ ምናልባት የሚወደደውም ለዚህ ይሆናል። አንድ ባለ 120 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር የሚወስደው ኃይል 17 ባለ 7 ኪሎዋት ቀርፋፋ መሙያዎችን ያሠራል። በ7 ኪሎዋት ያ ባለ 60 ባትሪ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ተሰክቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነቀላል፤ ሾፌሩም ተኝቶ ያድራል።

የሚያስፈልገው የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ላይ የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር፣ በስልክ የሚከፈልበት መሙያና ጥበቃ ነው። ተከራዩ ከአከራዩ ጋር ሳይጣላ የተጠቀመውን ያህል ይከፍላል። የሸገር ከተማ አስተዳደር ለአዳዲስ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ይህ መስመር በፕላኑ ላይ መኖሩን መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ ከአስመጪ ዶላር አይጠይቅም። ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ለጋራ ማቆሚያ የሚሆን ቆጣሪ ለጠየቀ የኮንዶሚኒየም ማኅበር ቅድሚያ ይስጥ። ሌላ ምርጫ አሳጥቶ መኪናውን ያስገዛ መንግሥት ሶኬቱን በልመና ሊያደርገው አይገባም።